ደባሉ ዲስክ

በየቤተሰቡ «ኮምፒውተር የሚያውቅ» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። ሹመቱ ምርጫ የለው፣ የሥራ ዘመን የለው፣ መውረጃ የለው። እኔ የተሾምኩት በአክስቴ ልጅ ሠርግ ሰሞን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ የጥሪ ካርድ ጎትቼ በማውጣቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ድምፅ እምቢ ሲል ለኔ ይደወላል፤ የባንክ መተግበሪያ የይለፍ ቁጥር ሲረሳ ለኔ ይደወላል፤ አንዴማ ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ብሎ ተደውሎልኛል። «እሱም እኮ ቦርድ አለው» ተባልኩ።

በ2018 ዓ.ም. መባቻ ግን ሹመቱ ከበደኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቆመ። «ወደ 11 እንለፍ» ያለ ሁሉ ደግሞ በሩ ላይ ይፈተሻል፤ ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ሊኖረው ይገባል፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። የኛ ቤተሰብ ላፕቶፖች ባብዛኛው በዱባይ በኩል የመጡ፣ ከሥራቸው የማናውቀው መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር የተለጠፈባቸው ናቸው። የአጎቴ 7ኛ ትውልድ ሆኖ ተገኘ።

«በአንድ ትውልድ ነው የወደቀው?» አሉ አጎቴ።

«በአንድ፣ ጋሼ።»

«እኔስ ከዛሬ ልጆች ጋር ስተያይ ስንት ትውልድ ወደኋላ ነኝ? ጡረታዬ ግን አልተቋረጠም።»

አጎቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቀበሌ መዝገብ ቤት ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም መዝገብ አልተዋቸውም፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። ማን የወር መዋጮ ከፈለ፣ ማን ሦስት ወር አሳደረ፣ ድንኳኑ ማን ግቢ ነው ያለው፣ ከትልቁ ብረት ድስት ክዳን ጋር ማን ተሰወረ፣ ሁሉም እዚያ ላፕቶፕ ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ቢጠፋ የሚጠፋው ማሽን ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ የቆየ የብድርና የይሉኝታ ሒሳብ ሁሉ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉኝ።

«ሊኑክስ።»

«የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው።»

«እንደዚህ ሲባል የሰማሁት ቀበሌ እያለሁ ነው» አሉና መነጽራቸውን ወለወሉ።

ዕውነታቸውን ነው፣ የሊኑክስ አመጣጥ መነገር አለበት። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኦገስት 25 ቀን 1991 «ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት እየሠራሁ ነው» ብሎ ጻፈ። ትርፍ ሰዓት ማሳለፊያ እንደሆነ፣ ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎ እንደማያስብ ተናገረ። ከዚያ ስለ ዲስክ አንድ ነገር አከለ፤ እሱ ጋ ካለው ከኤቲ ሃርድ ዲስክ በቀር ሌላ ዓይነት ዲስክ ምናልባት መቼም እንደማይቀበል። ሰዎች የዚህን ጽሑፍ ትሕትና ያደንቃሉ፤ እኔ ግን የማደንቀው የዲስኩን ነገር ነው። ገና ከመወለዱ «እኔ የማውቀው እቤቴ ያለውን ዲስክ ነው» ያለ ሥርዓት፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ የአጎቴን ዲስክ አላውቀውም ቢል ቢያንስ አልዋሸም። ዛሬ ሊኑክስ የሚያውቀው ሃርድዌር ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው ቤት የነበረ፣ ያ ሰው ወይም ያ ኩባንያ ተቀምጦ የጻፈለት ነው።

የአጎቴ ባለቤት እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ፎርማት ልታደርገው ነው?»

በኛ ሰፈር ይህ ጥያቄ ሐኪም «ቢላ ያስፈልገዋል» ሲል ቤተሰብ የሚጠይቀው ዓይነት ጥያቄ ነው። «አይደለም እትዬ፤ ዊንዶውሱን ሳንነካ ጎኑ እናስቀምጠዋለን» አልኳቸው። እሳቸውም ፊታቸውን ሳይፈቱ ተመለሱ።

ድሮ ሊኑክስ የሚጫነው በሲዲ ነበር። ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚያወጣው ድርጅት በፈረንጆቹ እስከ 2011 ድረስ የጠየቀውን ሰው ሁሉ አድራሻ ተቀብሎ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። የፖስታ ሳጥን ያለው ሰው በዚያ ዘመን ባለጸጋ ነበር። ዛሬ ግን ፍላሽ ነው የሚያስፈልገው፤ የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንትም 3 ጊጋባይት ግድም ነው፤ በእጅ ስልክ ጥቅል ይወርዳል። ችግሩ ፍላሽ ማግኘት ነው። በአጎቴ ቤት ያለው ፍላሽ ሁሉ ቅዱስ ነው፤ አንዱ የሠርግ፣ አንዱ የክርስትና፣ አንዱ ማንም ከፍቶት የማያውቀው ግን «እንዳይነካ» የተባለ። አዲስ ገዛን። ከመንገድ ዳር የሚገዛ ፍላሽ ደግሞ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ የዚያን ሩብ የማይይዝ ሊሆን ይችላል፤ የሞላ ሲመስል የጻፉትን መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ የወረደው ፋይል ደኅና መሆኑን በአሻራ ቁጥሩ ማመሳከር፣ ፍላሹ ላይ የተጻፈውንም መልሶ መፈተሽ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና በኋላ ማሽኑን ይረግማል። አጎቴ አልዘለሉም፤ 64ቱንም ፊደልና ቁጥር ጣታቸውን እያስከተሉ ከወረቀት ጋር አመሳከሩ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ጥቂቶቹ ቢገጥሙ ይበቃል ብላቸው ገላመጡኝ። «እንዲህ እያላችሁ ነው ሰው የሰው ቤት የወሰደው» አሉ።

ማሽኑ ከምን እንደሚነሣ የሚቀናበርበት ባዮስ ውስጥ የሚገባበት ቁልፍ ፍለጋ ላይ ብዙ አልቆይም። አንዱ አምራች ኤፍ 2፣ ሌላው ኤፍ 10፣ ሌላው ዴሊት ያለበት ዓለም ነው፤ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ጽሑፉን ለማንበብ በማይበቃ ፍጥነት አሳይቶ ማጥፋት ብቻ ነው። ገባን፤ ከፍላሹ ተነሣ። ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ቀጥታ ስለሚሠራ ገጹ ወለል ብሎ መጣ፤ ስክሪኑ በራ፣ ማውሱ ሄደ፣ ድምፅም አወጣ። እትዬ ሳይቀሩ መጥተው «ያምራል» አሉ።

ከዚያ መጫኛውን ከፈትን። ቋንቋ ጠየቀ፣ ኪቦርድ ጠየቀ፤ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አሳየን። ያችኑ የሰካናትን ፍላሽ።

«ዲስኩስ?» አሉ አጎቴ።

«የለም ይላል።»

«እንዴት የለም? የእድሩ መዝገብ በሙሉ እዚያ ላይ አይደል እንዴ! ትናንት ማታ እኮ የጥቅምትን አስገብቻለሁ!»

ከጓዳ፦ «ጠፋ?»

ስልክ ላይ ያማከርናቸው የሰፈር ባለሙያ ሳይውሉ ሳያድሩ ፈረዱ። «ተቃጥሏል። አምጡት፣ ይቀየራል።» በከተማችን ያልታየ ዲስክ ሁሉ የተቃጠለ ዲስክ ነው። ያልተሰማ ድምፅ የተቃጠለ ካርድ፣ ያልሞላ ባትሪም የተቃጠለ ቦርድ ነው። ይህን ያህል ነገር ቢቃጠል ኖሮ ሰማያችን በጭስ በጠቆረ ነበር። ዲስኩ ግን ማታ የጥቅምትን መዋጮ ተቀብሏል፤ የተቃጠለ ነገር መዋጮ አይቀበልም። ሊኑክስን ራሱን መጠየቅ ነው የሚሻለው፤ ምክንያቱም ሊኑክስ ብዙ ጠባይ ቢጎድለውም ያየውን ሁሉ ይመዘግባል።

ለአጎቴ ነገሩን በሚያውቁት አስረዳሁ። ማሽኑ ሲነሣ ከርነል የሚሉት የሊኑክስ እምብርት የነዋሪ ቆጠራ እንደ ወጣ የቀበሌ ሠራተኛ በር ለበር ይዞራል። እያንዳንዱ ዕቃ ሲንኳኳበት ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ የአምራቹ ነው፣ ሁለተኛው የዕቃው። ከርነሉም በያዘው ቅጽ ላይ «ይህን ቁጥር የሚያስተናግድ ድራይቨር ማነው?» ብሎ ይፈልጋል፤ ካገኘ ያገናኛቸዋል፣ ካላገኘ ዕቃው ተመዝግቦ ያለ አስተናጋጅ ይቀመጣል።

ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትእዛዝ ሰጥቼ ዝርዝሩን አወጣሁላቸው። አጎቴ ወንበራቸውን አስጠጉ። በሕይወታቸው ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ዓይነት ደስ የሚል ነገር አይተው አያውቁም።

«ይቺ 8086 በየመስመሩ ናት። ሰፊ ቤተሰብ ነው እንዴ?»

«የኢንቴል መለያ ናት፣ ጋሼ። በፈረንጆቹ 1978 ያወጡት ፕሮሰሰር ስሙ 8086 ነበር፤ በኋላ የአምራች ቁጥር ሲታደል ያንኑ ለራሳቸው ወሰዱ።»

«ቁጥር መርጦ መውሰድ ይቻል ነበር?» ቅናት አይሉት ቁጭት ፊታቸው ላይ አለፈ። «እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ 7 ቁጥርን ለማግኘት ሰው ይጋደል ነበር።»

ዝርዝሩ ውስጥ የዲስክ ተቆጣጣሪ አለ። ስሙ አጠገብ «ሬይድ» የሚል ቃል ተጽፏል። ዲስኩ ራሱ ግን የለም። ቀጥዬ ዲሜሴጅ የሚሉትን፣ ከርነሉ ከተነሣበት ሰከንድ ጀምሮ ያየውን ሁሉ የጻፈበትን ማስታወሻ ከፈትኩ። ከሺህ መስመር በላይ ነው፤ ሰው ይህን ሲያይ የሚሸሸው ሁሉንም ማንበብ ያለበት ስለሚመስለው ነው። የሚፈለገው የዲስኩን ሰፈር መርጦ ማየት ነው። አገኘናትም። ትርጉሟ እንዲህ ነው፦ ከዚህ ተቆጣጣሪ ጀርባ የተዛወረ 1 ኤንቪኤምኢ ዲስክ አግኝቻለሁ፤ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ ባዮሱን ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ።

አጎቴ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን መቱ።

«ደባል ነዋ!»

«ምን አሉ?»

«ደባል! ቤቱ በሌላ ሰው ስም ነው፤ ይኸኛው ከኋላ ክፍል ውስጥ ይኖራል። ቆጣሪ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው አባወራው ነው፤ ‹ማን አለ?› ሲባል ‹እኔ› ይላል። ደባሉ ቅጽ ላይ አይገባም። ስንት ዘመን ከደባል ጋር ታገልኩ!»

የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ይህን ባጭሩ አያስተምርም። አንዳንድ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ አንድ ዲስክ ብቻ እያላቸው፣ ባዮሳቸው ሬይድ በሚባለው አሠራር ይቀናበራል። ሬይድ ለብዙ ዲስኮች የሚሆን ነው፤ ግን ዊንዶውስ ውስጥ የአምራቹ ድራይቨር ስላለ ማንም ልብ አይለውም። ኤንቪኤምኢው ዲስክ ከተቆጣጣሪው ጀርባ ይሸሸጋል። ከርነሉ መኖሩን ያውቃል፣ ቁጥሩን ይናገራል፤ ሊያናግረው ግን አይችልም። አዳዲስ ማሽኖች ላይ በተተካው ቪኤምዲ በተባለው አሠራር ሊኑክስ የራሱ ድራይቨር ስላለው ብዙ ጊዜ ይግባባል፤ በዚህ በመካከለኛው ዘመን ላፕቶፕ ላይ ግን መውጫው ባዮስ መግባት ነው።

«ቀይረው ታዲያ» አሉ አጎቴ።

እዚህ ጋ ነው መቸኮል የማይገባው። ዊንዶውሱ በሬይድ ተጭኖ፣ ባዮሱ ድንገት ወደ ተራው አሠራር፣ ወደ ኤኤችሲአይ ቢዞርበት፣ ሰማያዊ ገጽ ያወጣና «የምነሣበት ዲስክ አልተገኘም» ይላል። አሁን ደግሞ በተራው እሱ! ደግነቱ መላ አለው። ዊንዶውሱን አስቀድሞ በሴፍ ሞድ እንዲነሣ ማዘዝ፤ ከዚያ ባዮስ ገብቶ መቀየር፤ በሴፍ ሞድ አንዴ ሲነሣ አዲሱን ድራይቨር ራሱ ይለብሳል፤ ትእዛዙን አንስቶ በደንቡ ማስነሣት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ አለመሆኑ መታየት አለበት። ተቆልፎ ከሆነ ባዮስ ሲነካ የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል፤ በዱባይ የመጣ ላፕቶፕ ቁልፉ ደግሞ በማናውቀው ሰው አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የአጎቴ አልተቆለፈም። የእድሩንም መዝገብ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥነው።

ደባሉ ተመዘገበ። ኤልኤስብሎክ የሚለውን ትእዛዝ ብንሰጥ ዲስኩ ከነክፍሎቹ ተዘርግቶ መጣ። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር፤ አጎቴ ግን ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ስንት ነው ይህ ዲስክ?»

«256 ጊጋባይት።»

«238.5 ይላል።»

ወደ ሥዕላዊው የዲስክ መሣሪያ ሄድኩ። እዚያ 256 ይላል። ተመለስኩ፤ 238.5።

«17 ከምናምን የት ገባ?»

አንድ የእድር ጸሐፊ በዚህ ድምፅ ሲጠይቅ ሰው ላቡ ይመጣል። ማንም አልወሰደውም። ዲስክ አምራቾች አንድ ጊጋባይት ሲሉ አንድ ቢሊዮን ባይት ማለታቸው ነው፤ በ1,000 ያበዛሉ። ዊንዶውስና ብዙ የሊኑክስ ትእዛዞች ደግሞ በ1,024 እያበዙ ይቆጥራሉ። 256 ቢሊዮን ባይት በሁለተኛው ስሌት 238.4 ግድም ይወጣል። ባይቱ ያው ነው። አጎቴ ይህን በወረቀት አባዝተው፣ አካፍለው፣ የባይቱን ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ አስነብበው ልዩነቱን ሲያገኙ ፈገግ አሉ። ግን ይቅርታ አላደረጉም።

«በአንድ ቤት ሁለት ሚዛን!» አሉ። «ሸማቾች ማኅበር ቢሆን ይታሸግ ነበር።»

እኔም እስማማለሁ። ይህን ያህል ዘመን አንድ ላይ ሠርተው፣ አንድ ጊጋ ስንት እንደሆነ አለመስማማታቸው ያሳፍራል።

ወደ ክፍፍሉ ገባን። መጫኛው ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች አንዱ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ነው። እትዬ ይህን ቢያነቡ ኖሮ ላፕቶፑን ከነሶኬቱ ነቅለው ይወስዱት ነበር። እኛ ቦታ ያዘጋጀነው አስቀድመን በዊንዶውሱ በራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ነው፤ የራሱን ክፍል እሱ ቢያሳንስ ይሻላል። መጀመሪያ ሃይበርኔሽኑን ዘጋን። ይህ ሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ ከዲስኩ መሃል ተገትሮ አልንቀሳቀስም የሚለው ትልቅ ፋይል ይነሣል። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ «ተዘጋሁ» ብሎ ሳይዘጋ የሚቀርበት ፈጣን አነሣስ የሚባለው አመል አብሮ ይጠፋል፤ ያ አመል ካለ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። አጎቴ ደግሞ ላፕቶፑን በሕይወታቸው ዘግተው አያውቁም፤ ክዳኑን ነው የሚከድኑት። ለሊኑክስ 100 ጊጋባይት ለቀቅንለት፤ ሚንት ራሱ የሚመክረው ያንን ነው፣ በ20ም ይኖራል።

«ይቺ ትንሿስ?» ብለው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለችውን 100 ሜጋባይት አመለከቱ። «ባዶ ቦታ ናት፤ ለምን አንጨምራትም?»

እሷ ናት የማትነካው! ኢኤፍአይ ክፍል ትባላለች፤ ማሽኑ ሲበራ የሥርዓቶቹን ማስነሻ የሚያነበው ከሷ ነው። ሊኑክስም የራሱን ማስነሻ እዚያው ዊንዶውሱ አጠገብ ያስቀምጣል። «ፎርማት» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካልተደረገ ሁለቱም በሰላም ይኖራሉ። ከዚህ ወዲያ ያለው ክርክር ቀላል ነው። የድሮው ኤምቢአር ሠንጠረዥ ዋና ክፍሎቹ ከ4 አይበልጡም፣ ከ2 ቴራባይት በላይም አይደርስም፤ የአሁኑ ጂፒቲ በተለምዶ እስከ 128 ክፍል ይፈቅዳል። ራም ሲሞላ መተኪያ ስለሚሆነው ስዋፕ መጠን ከሚነሣው ሙግት ደግሞ ኡቡንቱ ከ17.04 ጀምሮ ስዋፑን በራሱ ፋይል አድርጎ ገላግሎናል፤ በኡቡንቱ ላይ የቆመው ሚንትም ተከትሎታል። «የራሙን እጥፍ» የሚሉ አዛውንቶች ግን አሁንም አሉ፤ አልከራከራቸውም።

«ጫን» የሚለውን ከመጫኔ በፊት መብራቱን አየሁ። አጎቴም አዩ። በሰፈራችን ሰው ረጅም ሥራ ሲጀምር ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል፤ ጸሎት በሉት። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሶኬት ሲነቀል አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የማያስጨርስ ነው። ጠበቅን። ሄደ። መጣ። ተመልሶ ሄደ። ማምሻውን የጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ሲቆም ኤሌክትሪኩ ረጋ፤ ያኔ ጫንነው። ይህን ያህል ስጠነቀቅ አጎቴ ታዝበውኝ ቆዩና «ለእድሩ መዝገብ ነው የምትጨነቀው?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዋናው ባሕር መዝገብ ሳጥን ውስጥ ነው። ይህ ግልባጩ ነው። ኮምፒውተር ላይ ብቻ መዝገብ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ አለ እንዴ?»

ይህን ከጠዋቱ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት።

ተጭኖ ተነሣ። ዋይፋይ የለም። በሊኑክስ ዋይፋይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ካርዱ ቆጠራው ላይ አለ፣ ቁጥሩን ሰጥቷል፣ ግን አስተናጋጁ አልመጣም። ብዙ ካርዶች ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ፈርምዌር የሚባል ፋይል ካልተጫነላቸው ሥራ አያውቁም፤ ፋይሉም የአምራቹ ንብረት ነው። የነፃነትን ነገር አጥብቆ የሚይዘው ዴቢያን እንኳ በፈረንጆቹ 2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተውበት፣ በጁን 2023 ከወጣው ከ12ኛው እትም ጀምሮ እነዚህን ፋይሎች በዋናው መጫኛ ውስጥ አስገብቷል። ቶርቫልድስ ራሱ በ2012 ፊንላንድ፣ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ኤንቪዲያ ድራይቨር ሲጠየቅ ወደ ካሜራው ዞሮ መካከለኛ ጣቱን አሳይቷል። ኩባንያው የከርነል ሞጁሎቹን ክፍት ያደረገው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «ደብዳቤ ቢጽፍ ኖሮ 20 ዓመት ይፈጅበት ነበር» አሉ፤ ከልምድ ነው።

የኛው ካርድ ድራይቨር በኢንተርኔት ይገኛል። ኢንተርኔት ደግሞ በካርዱ ይገኛል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ስልክ ነው። በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት፤ ሊኑክስ ስልኩን የኬብል ኔትወርክ አድርጎ ወዲያው ይቀበለዋል፣ ምንም አይጠይቅም። የቀን ጥቅል ገዛን፣ የድራይቨር ማስተዳደሪያውን ከፈትን፣ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ፣ ዋይፋዩ መጣ። ከጎረቤት ስሞች ጋር ተደርድሮ ሲታይ አጎቴ የዋይፋዮቹን ስም አንድ በአንድ አንብበው ባለቤቶቹን ለዩ።

አንድ ነገር አልተፈታም። የጣት አሻራ ማንበቢያው ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ድራይቨር የጻፈለት ግን የለም። እትዬ ፕላስተር ለጥፈውበታል፤ «ባዶውን ከሚቀመጥ» ብለው።

ጠዋት ሁለቱም ሥርዓቶች መነሣታቸውን ለማየት ዊንዶውሱን ከፈትኩት። ተነሣ። የእድሩ መዝገብም ባለበት አለ። ሰዓቱ ግን ተበላሽቷል፤ በፈረንጅ 9 ሰዓት መሆን ያለበት 6 ሰዓት ይላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰዓት ሊኑክስ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላታል፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ቤት ሰዓት ናት ብሎ ያነባታል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል።

«አንድ መስመር ትእዛዝ ናት፤ አሁን አስተካክላታለሁ» አልኩ።

«ቆይ» አሉ አጎቴ፣ እጄን ይዘው። «ትናንት በዚህ ሰዓት 9 ይል ነበር አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ 6 አለ።»

«አዎ።»

የእጃቸውን ሰዓት አዩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

«ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? እየመጣ አይደል እንዴ!»